በቅል የወሰድኩት የጥድ ብናኝ

ከኛ መንደር ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። መኪናው ካልተበላሸ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው ለዙህር ሶላት ይደርሳል። ነገር ግን ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ከኩታበር ገበያ አልፈው አያውቁም፤ የሚያልፉት ልጆቻቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ በተለይ ልጁን አስተምሮ ከላከ በኋላ ልጁ ሲመክረው ለሚቆጣ አባት።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። ልጄ ሐያት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የጥድን የአበባ ብናኝ ነው። ጥድ ሲያብብ ከወንዴው ዛፍ የሚበነው ቢጫ ዱቄት የአንዳንዱን ሰው ደረት ይዘጋል፤ አለርጂ ይሉታል። ጥፋተኛው በዱቄቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። እሱን ሳያበላሹ ማውጣት ከተቻለ፣ የታመመውን ሰው ‹ያመመህ ይህ ነው› ብሎ ለመለየት ያገለግላል። ሐያት የምታወጣው በከባድ ግፊት ነው። ማሽኑ ያለው ኮምቦልቻ፣ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ፋብሪካው የፈቀደላትም ሥራ የሚቆምበትን አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ጥድም የሚያብበው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ድካሟ ሁሉ እኔ በማመጣላት ዱቄት ላይ ቆሞ ነበር።

በስልክ ያለችኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። ‹‹አባ፣ ከወንዴዎቹ ብቻ ያራግፉ። በጥላ ያድርቁት። በላክሁልዎ የወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት፤ ሙቀት እንዳያገኘው።››

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የኑግ ዘይት መጭመቂያዬንም ከጭነት መኪና ክሪክ ራሴ ሠርቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ትእዛዝ አይወድም፤ የልጁን ትእዛዝ ደግሞ ጭራሽ። ወረቀት የሱቅ ዕቃ ነው፤ አይጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ይገባዋል። በኛ አገር ክቡር ነገር የሚቀመጠው በቅል ነው፤ ቅሉም በወይራ ጭስ ይታጠናል። እርጎ የማይበላሽብን በዚያ ነው።

ሚስቴ ፋጡማ ቅሉን እያጠነች፣ ‹‹ልጅቷ ወረቀት ነው ያለችው›› አለችኝ።

‹‹ልጅቷን ማን አስተማራት?››

‹‹አንተ።››

‹‹በቃ።››

ሁለት ጊዜ አሳጠንኩት። ጭሱ ሳይወጣ ዱቄቱን ጨምሬ ከደንኩት፤ ነቀዝ እንዳይደርስበትም ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ፖስታዎቹን አልጣልኳቸውም። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በጀርባቸው ላይ ነው።

ሐሙስ። ከቤቴ እስከ መኪናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ጥዶቹን ሳራግፍ የለበስኩትን ወፍራም ካፖርት ለብሼ፣ ቅሉን እንደ ሕፃን አቅፌ ወረድኩ። ሌላ ካፖርት የለኝም። ሚኒባሱ ደሴ ሳይገባ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ተቀመጥን፤ አንዲት ሴት ከመቀነቷ ቆሎ እየፈታች ለማናውቃት ሁሉ አከፋፈለችን። ሹፌሩ ወደ እኔ እያየ፣ ‹‹አባባ፣ ይኼን ያህል ያቀፉት ማር ነው?›› አለኝ።

‹‹የጥድ ዱቄት ነው። ለልጄ ነው የምወስደው።››

‹‹እህል አለቀ እንዴ እናንተ አገር!›› አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ‹‹አንተ ጎማህን ንፋ›› አልኩት። እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ደሴ ፒያሳ የደረስኩት ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቆቹን ሸፍኗል። እኛም ጋ ጉም አለ፤ የኛው ግን ከእርሻ ነው የሚነሳው፣ የደሴው በሰውና በባጃጅ መካከል ይገባል። ሐያት አንድ ካፌ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አየኋት። ሮጣ አቀፈችኝ። ፊቷን ካፖርቴ ላይ አድርጋ ‹‹አልሐምዱሊላህ፣ አባ መጡልኝ›› አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ወደ ኋላ አለችና ማሳል ጀመረች። ትንፋሿ እንደ ጠባብ ፉጨት እየጮኸ ከቦርሳዋ የሚነፋ መድኃኒት አውጥታ ወደ አፏ ነፋች። መንገደኛው ቆሞ ያያታል።

‹‹ዛሬም?›› አልኳት።

ልጅ ሳለችም እንዲህ ነበረች። የመኸር ሥራ በደረሰ ቁጥር ደረቴ ተዘጋ ትላለች። እኔ ስንፍና ነው እል ነበር። ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ‹ሐያት ነዶ ስታይ ነው የምታስለው› እያልኩ አስቄባታለሁ።

‹‹ያልፋል አባ። አብሽሩ›› አለችኝ። ከዚያ ዐይኗ ቅሉ ላይ አረፈ። ‹‹ፖስታዎቹስ?››

‹‹ከፖስታ የተሻለ ዕቃ ነው።››

‹‹ሙቀት አላገኘውም አይደል?››

‹‹ፀሐይ ላይ አላሰጣሁትም።››

እውነት ነበር። ፀሐይ አላየም። ጥያቄዋን ግን አልመለስኩም፤ አለመመለሴንም አውቄዋለሁ። ውሸት ሳይናገር የዋሸ ሰው ከዋሸው ይብሳል ብዬ ስንቱን ልጅ ገስጫለሁ።

እሷ ጓደኛዋ ቤት አደረች፤ እኔ ከፒያሳ ጀርባ አልጋ ያዝኩ። የቤቱ ጠባቂ ብርዱን አይቶ ሳልጠይቀው ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣልኝ። ደግ ሰው ነው። አልጋ ቤቱ ግን የኛን ቤት ያህል አይሞቅም፤ ውሃው ከግድግዳ ቧንቧ ይወጣል፣ እሳት የሚባል የለም።

ዓርብ። ጠዋት ፉል በላን። ሐያት ከጎኔ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

‹‹አባ፣ ካፖርትዎን ውጪ ቢያራግፉትስ?››

‹‹ካፖርቴ ምን አደረገሽ?››

ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከተማ ገብታ አባቷ አሳፈራት ብዬ ገመትኩ፤ ግምቴንም እንደ እውነት ይዤ ተቀየምኩ። ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ ወደ ኮምቦልቻ ተሳፈርን። እሷ ከሹፌሩ ጎን፣ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። አጠገቤ የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ ‹‹ምራቅዎን ይዋጡ፤ የአየሩ ግፊት ነው›› አለኝ። ብውጠው ተከፈተ። ሰው ከብርድ አገር ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀት አገር መግባቱ ይገርማል፤ እኛ ጋ ያንን ያህል ለመሞቅ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ላብ ከአንገቴ እየወረደ ካፖርቴን አላወለቅሁም። በእልህ ነበር።

ኮምቦልቻ ያለችው የሐያት የቤት አከራይ ወይዘሮ ማርታ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ጴንጤ ናት። የክርስቲያን እጅ ያረደውን ስለማንበላ፣ ላስቸግራት አልፈልግም ብዬ በሶ ቋጥሬ ነበር። ገና ስገባ የቋጠርኩትን አየችና ፊቷ ቅጭም አለ።

‹‹እኔ ቤት መጥተው በሶ ሊበጠብጡ ነው? ሥጋው ከእስላም ልኳንዳ ነው፤ ሐያትን ይጠይቋት። ድስቱና ቢላዋው የጎረቤቴ የዘሀራ ነው። እኔ ያዋጣሁት እሳቱን ብቻ ነው!››

‹‹እሳት ሃይማኖት የለውም›› አልኳት።

‹‹እንግዲያው ጌታ ይባርክዎ፣ ይብሉ!››

በላሁ። ከዓመት በዓል በቀር እንዲያ በልቼ አላውቅም። እኔ የማላውቃት ሴት የእኔን ሕግ ለመጠበቅ ድስት ስትዋስ፣ እኔ የልጄን አንድ ትእዛዝ መጠበቅ አቅቶኝ ወረቀት ተጸይፌ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም፤ ሥጋው ነው የታየኝ።

ቅዳሜ። ፋብሪካው ሰፊ ነው፤ የኩታበር ገበያ ሜዳ ውስጡ ይገባል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጀማል የሚባል፣ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ካፖርቴን አስወልቆ በነጭ ጋዎን ፋንታ ፕላስቲክ ነገር አለበሰኝ፤ ካፖርቴ በር ላይ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ማሽኑ ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ዱቄቱ ከጨው ውሃ ጋር ተለውሶ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል። በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ውሃ ይሞላበትና ውሃው ይጨመቃል። የዱቄቱ ቅንጣት ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ወደ ጨው ውሃው ይወጣል። ሐያት እንዲህ አድርጋ ስታስረዳኝ ገባኝ፤ የመጭመቂያ ሰው ነኝ።

‹‹እኔም እንዲህ ነው የምለው›› አልኩ ለጀማል። ‹‹ኑግና ልጅ ካልተጫኑት አይወጣለትም።››

ጀማል ሳቀና ከምሳ ዕቃው አንድ ቲማቲም አወጣ። ‹‹አባባ፣ እስቲ ይኼን በእርስዎ መጭመቂያ ቢያስገቡት ምን ይሆናል?››

‹‹ወጥ።››

አሽጎ በርሜሉ ውስጥ ጨመረው። ማሽኑ አጉረመረመ። የግፊቱ መለኪያ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። ሲከፍተው ቲማቲሙ ድፍን ነው። ቆዳው እንኳ አልተላጠም።

‹‹ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለያዘው ነው›› አለች ሐያት። ‹‹የእርስዎ ከላይ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ይጨፈልቃል።››

ስለ ማሽን ነበር የምታወራው። እኔ ግን ቲማቲሙን እያገላበጥኩ አየሁት።

ከዚያ የቅሉ ዱቄት ገባ። የወጣውን ውሃ አጥርታ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወሰደችው። በስስ ወረቀቶች ላይ በነጥብ በነጥብ ጣል አደረገችው፤ እያንዳንዱን ወረቀት ከአንድ ሕመምተኛ ደም ተለይቶ በወጣ ፈሳሽ ነከረችው። ፕሮቲኑ ካለ ነጥቡ ይጠቁራል። ለነገ ተወችው።

እሑድ። ጠዋት ጀማልም አብሮን ሊያይ መጣ። ወረቀቶቹን አነሳች። ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው ነጥብ ብቻ ጠቁሯል። የእኔ ዱቄት የተጣለበት ሁሉ ነጭ ነው።

ሐያት ደጋግማ አየች። እኔ ግን እዚህ ላይ ያልኩትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ደስ አለኝ። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማ ሳለ፣ ‹‹አየሽ? የኔ ጥድ ነጻ ወጣ። ነገሩ ዱሮም ከስንፍና ነው›› አልኳት።

ጀማል አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለነገር ማስቀየሪያ ይመስለኛል፣ የተረፈውን ዱቄት አንስቶ አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

‹‹ሐያት፣ ይሄ እኮ እርጎ እርጎ ይላል። እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። አልሸተተሽም?››

‹‹ጥድ ካበበ ጀምሮ አፍንጫዬ ተደፍኗል›› አለች። ወደ እኔ ዞረች። ‹‹አባ፣ ቅሉ ታጥኖ ነበር?››

‹‹ሁለት ጊዜ።››

‹‹ከዚያስ የት ዋለ?››

‹‹ከምድጃው በላይ።››

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ‹‹ጭሱ ከፕሮቲኑ ጋር ይያያዛል። ሙቀቱ ደግሞ የተረፈውን ያበላሸዋል። ለዚህ ነው ወረቀት ያልኩዎ›› አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ብትጮህብኝ፣ አባት ላይ አይጮህም ብዬ የምመልስላት ነገር ይኖረኝ ነበር። አልጮኸችም።

ጀማል ነው ያሰበው። ‹‹ሲያራግፉ ለብሰውት የነበረው ልብስ የቱ ነው?››

ወደ ፋብሪካው ተመለስን። ቅዳሜ በሙቀቱ ረስቼው የሄድኩት ካፖርቴ ከምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ጀማል ኪሶቹን ወደ ውጪ ገለበጣቸው። ከስፌቱ ውስጥ ቢጫ ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ ረገፈ፤ ጭስ ያላየ፣ እሳት ያላየ። ሐያት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከበሩ ውጪ ቆማ ታይ ነበር። ሐሙስ ለምን እንዳሳላት፣ ዓርብ ለምን በሩ አጠገብ እንደተቀመጠች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ‹‹አውቀሽ ነበር?›› አልኳት።

‹‹እጠረጥር ነበር። ሳላረጋግጥ ብነግርዎ ግን ምን ይሉኝ ነበር?››

ምን እንደምላት ሁለታችንም እናውቃለን።

ጀማል ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳ። ከኪሴ የወጣው አንድ ከረጢት እንኳ አልሞላም።

ሰኞ። ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ የነጥቡ ጠርዝ እንደ ቀለም ጠብታ ጠቁሮ ነበር።

‹‹ይሄ የማን ደም ነው?››

‹‹የእኔ ነው፣ አባ።››

እነዚያን ጥዶች የተከልኳቸው ሐያት በተወለደች ዓመት ነው። የሚያብቡትም የመኸር ሥራ በሚደርስበት ወቅት ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ለቤቱ መከታ እንዲሆኑ። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆናት ሕመሟ ጠናባት። እኔ ደግሞ ዛፍ አየር ያጠራል የሚል ከአንድ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነበር። አልጋዋን አውጥቼ ከጥዶቹ ሥር አደረግሁት። ‹ንጹሕ አየር ሳቢ› እያልኩ። ልጅቷ ‹አባ፣ ወደ ቤት አስገቡኝ› ትላለች፤ እኔ ለጥቅምሽ ነው እላለሁ። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሮ፣ ፋጡማ በጀርባዋ አዝላት ወደ ኩታበር ጤና ጣቢያ ስትሮጥ እንኳ፣ ‹እናቷ ናት ያቀማጠለቻት› እያልኩ ከኋላ እሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በክፋት አይደለም። በእርግጠኝነት ነው። ክፉ ሰው ቢያንስ ሌላው እንዲያስቆመው ይጠብቃል።

‹‹ስገባ ቆርጬ እጥላቸዋለሁ›› አልኳት።

‹‹አይቁረጡ። ለሚመጣው ዓመት ያስፈልጉኛል።››

‹‹ይሄ አይበቃሽም?››

‹‹ከኪስ የወጣ ለጥናት አይቆጠርም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። እኔና እርስዎ እንድናውቀው ብቻ ነው የሚበቃው።››

‹‹እና ዘንድሮ አትመረቂም?››

‹‹አልመረቅም።››

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። በሕይወቴ ስንት ሰው አስታርቄያለሁ፤ ይቅር በሉ የሚለውን ቃል ለሌሎች ስሰጥ እኖራለሁ። ለልጄ ለመስጠት ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ‹‹እስቲ አላህ ያውቃል›› ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ። ወይዘሮ ማርታ ነገሩን ከሐያት ሰምታለች። ውሃ አሙቃ በሳሙና ገላዬን እንድታጠብ አደረገችኝ፤ ጸጉሬን ሳይቀር። ካፖርቴን በላስቲክ ከረጢት አሰረችው። ከሣጥኗ ግራጫ የሱፍ ሹራብ አወጣች። የሟች ባሏ ልብስ ነው።

‹‹ደሴ ሲደርሱ ይበርድዎታል›› አለችኝ።

‹‹የባልሽን ማስታወሻ አልወስድም።››

‹‹እሱ አሁን አይበርደውም፤ ጌታ ዘንድ ነው። እርስዎ ግን ገና ሐረጎን ሊወጡ ነው።››

ለበስኩት። እጅጌው ይረዝመኛል። ሐያት እስከ መኪናው ሸኘችኝ። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ እንዳታስል ፈርቼ ነው። ‹‹ግድ የለም አባ›› አለችና አቀፈችኝ። ፊቷን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ትንፋሿን እያዳመጥኩ ቆምኩ። ረጅም ነበር፤ ፉጨት አልነበረውም። ልጄ አድጋ ሳታስል ያቀፈችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ያቀፈችው ግን የሌላ ሰው ልብስ ነው።

ደሴ ላይ ጉሙ እንደነበረ ነው። ከኩታበር እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ስወጣ ጥዶቹ ከሩቅ ታዩኝ፤ ቀጥ ብለው፣ አምረው። ሰው ሁሉ ያደንቃቸዋል። ፋጡማ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ የለበስኩትን ካፖርት አየች፣ በላስቲክ የታሰረውን የሰው ሹራብ አየች።

‹‹ወረቀቱ ይሻል ነበር?›› አለችኝ።

‹‹ይሻል ነበር።››

ወደ ውስጥ ገባች። ያቺ ሴት፣ ልጄን አዝላ የሮጠችበትን መንገድ አሰብኩ።

ጥዶቹን አልቆረጥኩም። ሐያት እስክትመረቅ ድረስ መቆም አለባቸው፤ እነሱ እስከቆሙ ድረስ ደግሞ እሷ ወደ ቤቷ አትመጣም። ካፖርቴን ከላስቲኩ አውጥቼ ለብሼዋለሁ፤ ሌላ የለኝማ። ሹራቡን ግን ግቢው ሳልደርስ፣ ገና ከጥዶቹ ማዶ ሳለሁ አውልቄ ወይዘሮ ማርታ በሰጠችኝ ሌላ ንጹሕ ላስቲክ አስሬዋለሁ። ዱቄቱ እንዳይነካው ከሣጥኔ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ በሚመጣው ጊዜ ወደ ልጄ ለብሼ የምሄደው እሱን ነው።